ከዐሥር ስንት ትሰጡታላችሁ?

(በተማሪዎች ማኅበር የቅዳሜ ምሽት ጉባኤ ላይ ስለ ፊልም የቀረበ ንግግር)



ማኅበሩ ለዛሬ ማታ የሰጠን ሥራ ሲሰሙት ቀላል ነው። በዚህ መንፈቀ ዓመት በዚህ አዳራሽ ካየናቸው ፊልሞች ስድስቱን መርጠን አሳባችንን እንድንገልጽና ለእያንዳንዱ ከዐሥር ስንት እንደሚገባው እንድንናገር ነው። እኛም የፊልሙን ምሽት የምናሰናዳው አምስት ተማሪዎች ተሰብስበን፣ ተከራክረን፣ አንዳንድ ጊዜም ተኮራርፈን፣ ነጥባችንን ይዘን ቀርበናል።

ዳሩ ግን ከዚህ ቀላል ሥራ በስተኋላ አንድ ከባድ ጉዳይ አለ። በሚመጣው ሳምንት በማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ ለድምፅ ይቀርባል። ሐሳቡም እንዲህ የሚል ነው፤ ተመልካች ሁሉ ከአዳራሹ ሲወጣ ከዐሥር ነጥብ ይስጥ፤ ነጥቡ ተደምሮ ይካፈል፤ አማካዩ ከስድስት በታች የሆነበት ፊልም ዓይነቱ ዳግመኛ አይምጣ፤ ለፊልም የተመደበውም ጥቂት ገንዘብ ከፍ ያለ ነጥብ ላገኙት ዓይነቶች ብቻ ይዋል። ይህን ሐሳብ ያቀረቡት ጓደኞቻችን ቅኖች ናቸው። ገንዘቡ የሁላችን ነው፤ የሁላችን ገንዘብ በአምስት ሰዎች ፈቃድ ብቻ መውጣት የለበትም ይላሉ። በዚህስ ከነሱ ጋራ ነን። የማንስማማው በመለኪያው ነው። ስለዚህ ዛሬ ሁለት ነገር እናደርጋለን። መጀመሪያ ነጥባችንን እንነግራችኋለን፤ ቀጥሎም ነጥቡ ምን እንደሚሸሽግ እናሳያችኋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እርግጥ ነው፤ ፊልም አይቶ ዝም የሚል ሰው የለም። ከሲኒማው ደጅ እስከ መኝታ ቤታችን ድረስ «እንዴት አገኘኸው?» «ግሩም ነው» «አይረባም» እየተባባልን እንሄዳለን። በልጅነታችን ከሰፈር ቪዲዮ ቤት ስንወጣ ሙግቱ ሁሉ ስለ አክተሩ ነበር። አክተሩ አይሞትም፤ ከሞተ ግን የከፈልነው ሳንቲም እንደ ተሰረቀብን እንቆጥረው ነበር። ከዚያም በፊት፣ ሲኒማ ለአዲስ አበባ ገና እንግዳ በነበረበት ዘመን፣ ሕዝቡ ፊልም የሚታይበትን ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ይህም ነጥብ መስጠት ነው፤ ያውም በሁለት ቃል የተጠቃለለ ነጥብ! ይሁን እንጂ ይህ ስም በዚያ ቤት ውስጥ ምን ዓይነት ፊልም እንደ ታየ አይነግረንም። የሚነግረን ግድግዳ ላይ ሰው ሲራመድ ያየው ሕዝብ እንደ ምን እንደ ደነገጠ ነው። እንግዲህ ይህን ያዙልን፤ ነጥብ ብዙ ጊዜ የሚገልጸው የተመለከተውን ሰው እንጂ የታየውን ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ፊልሞቹ እንለፍ።

አንደኛው ሲድኒ ሉሜት በ1957 ያዘጋጀው «ዐሥራ ሁለት የተቈጡ ሰዎች» ነው። አንድ ወጣት አባቱን ገድሏል ተብሎ ተከሷል። በአሜሪካ ሥርዓት ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን የሚወስኑት ከሕዝብ መካከል የተመረጡ ዐሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው። ፊልሙ ከጥቂት ደቂቃዎች በቀር ከአንድ ክፍል አይወጣም። በመጀመሪያው ድምፅ ዐሥራ አንዱ «ጥፋተኛ ነው» ሲሉ አንዱ ብቻ «እስቲ እንነጋገርበት» ይላል። ተኩስ የለ፣ ሩጫ የለ፣ ፍቅር የለ፤ ሆኖም በዚያ ምሽት ከአዳራሹ ማንም ተነሥቶ አልወጣም። ለምን እንደ ሆነ ብንመረምር፣ ከቃላቱ ሌላ ካሜራውም ይሠራ ነበር። በመጀመሪያ ካሜራው ከሰዎቹ ዐይን ከፍ ብሎ ይመለከታል፤ ነገሩ እየከረረ ሲሄድ ዝቅ ይላል፤ ሌንሱም እየተለወጠ ግድግዳው ወደ ሰዎቹ የቀረበ ያስመስለዋል። እኛም ሳናውቀው ከነሱ ጋራ በሙቀቱ ታፈንን። አምስታችንም 9 ሰጥተነዋል።

በዚህ ፊልም ውስጥ ለዛሬው ጉዳያችን የሚሆን አንድ ቦታ አለ። ከዐሥራ ሁለቱ አንዱ የቤዝቦል ጨዋታ እንዳያመልጠው የቸኮለ ሰው ነው። ክርክሩ ሲሰለቸው ድምፁን ከ«ጥፋተኛ» ወደ «ጥፋተኛ አይደለም» ይለውጣል። ለተከሳሹ የሚጠቅም ድምፅ ነበር። ነገር ግን ከሌላ አገር የመጣው ሰዓት ሠሪ በዚህ ደስ አይለውም፤ ይቈጣል፤ ስለ ምን እንደ ለወጠ ምክንያቱን እንዲናገር ያስገድደዋል። ልብ በሉ፤ ድምፁ በእርሱ በኩል ለሆነለት ሰው እንኳ ምክንያት የሌለው ድምፅ አልበቃውም።

ሁለተኛው ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1948 ያዘጋጀው የጣልያን ፊልም፣ «የቢስክሌት ሌቦች» ነው። ከጦርነቱ በኋላ በሮም ሥራ አጥቶ የኖረ አንድ አባት ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ለሥራው ቢስክሌት ያስፈልገዋል፤ ቢስክሌቱ በመጀመሪያው ቀን ይሰረቃል። አባትና ትንሽ ልጁ ከተማውን ሲያስሱ ይውላሉ። አባትየውን ሆኖ የሚጫወተው ሰው ተዋናይ ሳይሆን የፋብሪካ ሠራተኛ ነበረ። በመጨረሻ አባትየው ራሱ የሰው ቢስክሌት ሊሰርቅ ሲል ልጁ እያየው ይያዛል። ቢለቁትም ልጁ አይቶታል። ከዚህ የሚበልጥ ቅጣት ምን አለ?

ሦስታችን 9፣ ሁለታችን 7 ሰጥተናል። በአዳራሹ ግን «አልገባኝም» ያሉ ብዙዎች እንደ ነበሩ ሰምተናል። ጠየቅናቸው። ንግግሩ ጣልያንኛ ነው፤ ከሥር የሚጻፈው እንግሊዝኛ ነው፤ ጽሑፉ ይፈጥናል፤ ከኋላ ለተቀመጠው ደግሞ ከፊቱ ያለው ሰው ጭንቅላት ይጋርደዋል። ስለዚህ ከኋላ ወንበር የመጣው ዝቅተኛ ነጥብ የተሰጠው ለዴ ሲካ ነው ወይስ ለወንበሩ? ለፊልሙ ነው ወይስ ለእንግሊዝኛችን? ነጥቡ ብቻውን ይህን አይለይም። በሚመጣው ሳምንት የሚቀርበው ደንብ ቢጸድቅ ግን የጣልያን ፊልም ሁሉ በወንበር ጥፋት ሊቀጣ ነው።

ሦስተኛው አኪራ ኩሮሳዋ በ1950 ያዘጋጀውና በተከታዩ ዓመት በቬኒስ የወርቅ አንበሳ ሽልማት ያገኘው «ራሾሞን» ነው። በጫካ ውስጥ አንድ ሰው ይሞታል። ሽፍታው፣ የሟቹ ሚስት፣ በጠንቋይ አፍ የሚናገረው የሟቹ መንፈስ፣ በመጨረሻም እንጨት ቈራጩ ያዩትን ይናገራሉ፤ አራቱም ቃል ይለያያል። ብዙ ሰዎች ከዚህ ፊልም «እውነት እንደየሰዉ ነው» የሚለውን ትምህርት ይዘው ይወጣሉ። እኛ እንዲህ አልመሰለንም። እያንዳንዱ የሚናገረው ክብሩን በሚያድን መንገድ ነው፤ ሽፍታው ጀግና ሆኖ ለመታየት፣ ሟቹም በሞቱ እንዳይናቅ። ከጉዳዩ ውጭ የሆነ የመሰለን እንጨት ቈራጭ እንኳ የሚሸሽገው ነገር አለው። አንድ ላይ 8 ሰጥተነዋል። ሁለቱን ነጥብ የቀነስነው የጠንቋይዋ ትዕይንት ስለ በዛብን ነው።

ይህም ፊልም ስለ እኛ ይናገራል። ከአዳራሽ ስንወጣ የምንሰጠው አስተያየት ክብራችንን የሚያድን አይደለምን? ዝነኛ ፊልም ሲሆን፣ ቢሰለቸንም፣ ያልተማርን እንዳንባል «ጥልቅ ነው» እንላለን። የሕንድ ፊልም ሲሆን ደግሞ እንባችንን ጠርገን «ቀልድ ነው» እንላለን። ሁለቱም ያው የሽፍታው ቃል ነው።

አራተኛው ቦንግ ጁን ሆ በ2019 ያዘጋጀው የኮርያ ፊልም «ፓራሳይት» ነው። ስሙ በሌላው ደም የሚኖር ጥገኛ ተባይ ማለት ነው። በካን የወርቅ ዘንባባን ያገኘ፣ በ2020ም በእንግሊዝኛ ያልተነገረ ፊልም ሆኖ ሳለ የኦስካርን የምርጥ ፊልም ሽልማት በመውሰድ የመጀመሪያው የሆነ ነው። ግማሹ ከመሬት በታች በሆነ ቤት የሚኖሩ ድኾች አንድ በአንድ ወደ ባለጠጋው ቤት አገልጋይ ሆነው ይገባሉ። አዳራሹ መጀመሪያ በሳቅ፣ ኋላም በድንጋጤ ተመላ። እኛን የያዘን ግን የዝናቡ ሌሊት ነው። ውሃው ከባለጠጎች ኮረብታ በደረጃው እየወረደ የድኾቹን ቤት ያጥለቀልቃል። በማግሥቱ የባለጠጋው ሚስት በመኪናዋ ተቀምጣ ዝናቡ ሰማዩን ስላጠራላት ደስታዋን ትናገራለች፤ መኪናውን የሚነዳው ደግሞ ቤቱ በዚያ ዝናብ የጠፋበት ሰው ነው። ከመካከላችን ወንዝ ዳር ያደገ አንዱ «ክረምት ሲመጣ የኛ ሰፈር እናቶች የሚያነሡትን ፍራሽ አየሁት» አለ። አራታችን 9፣ አንዳችን 8 ሰጥተናል። 8 የሰጠው ሰው ምክንያት ነበረው፤ በመጨረሻ ያለው ደም መፋሰስ ቀደም ሲል በዝምታ የተነገረውን በጩኸት ደገመው ይላል።

አምስተኛው ያሬድ ዘለቀ በ2015 ያዘጋጁትና በውጭ አገር «ላምብ»፣ ማለትም «ጠቦት»፣ በሚል ስም የታወቀው የአገራችን ፊልም ነው። በካን በይፋ ከተመረጡት መካከል የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም የሚባል እናቱ የሞተችበት ልጅ ከበጉ ጋራ በተራራ ላይ ወደሚኖሩ ዘመዶቹ ይላካል፤ አባቱ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። አጎቱ በጉ ለበዓል ይታረድ ይላል። ልጁ ግን ማረስ ሳይሆን ወጥ መሥራት የሚወድ ነው፤ ሳምቡሳ ጠብሶ እየሸጠ ገንዘብ ያጠራቅማል። ወንድ ልጅ ከጓዳ መገኘቱ በዚያ ቤት የሚያስነሣውን ቊጣ ከናንተ መካከል የማያውቀው የለም። አራታችን 7፣ አንዳችን 8 ሰጥተናል። ሁላችንም ወደድነው፤ ማንም ግን በዚያ ምክንያት ሌሊት አልነቃም። ተራራው እጅግ ከማማሩ የተነሣ ረኀቡ እንኳ ያማረ መሰለን ያለ አለ፤ በዚህ አሳብ ሌሎቻችንም ተስማማን።

ስድስተኛውና የመጨረሻው ኃይሌ ገሪማ ያዘጋጁት «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። ፊልሙ የተነሣው በ1974፣ የዘውዱ መንግሥት በወደቀበት ጊዜ ሲሆን ለሕዝብ የታየው በ1976 ነው። ቀለሙ ጥቁርና ነጭ፣ ቋንቋው አማርኛ፣ ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። የጭሰኛ ቤተ ሰብ ያርሳል፣ ከብት ያግዳል፣ ውሃ ይቀዳል፤ ባለመሬቱ ያዛል፣ ይቈጣል፣ ይሳደባል። የሚቸኩል ነገር የለም። በሬ የሚሄደውን ያህል ካሜራው ይጠብቃል። በ1965 በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ወጥተው ነበር፤ በ1975 ደግሞ መሬት የሕዝብ ሆኖ ታወጀ። ፊልሙ በነዚህ በሁለቱ መካከል የቆመ ምስክር ነው። እንዲህ ያለውን አራሽ እኛ በታሪክ መጽሐፍ እንጂ በዐይናችን ያየነው ጥቂቶች ነን።

ለዚህ ፊልም የሰጠነው ነጥብ የሚከተለው ነው፤ 10፣ 10፣ 9፣ 4፣ 3።

ያን ዕለት ማታ የሆነውን የነበራችሁበት ታስታውሳላችሁ። በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ከአዳራሹ ብዙ ሰው ወጥቷል። ደግሞም ፊልሙ ካለቀ በኋላ መብራት እስኪጠፋብን ድረስ ቆመው የተከራከሩ ነበሩ። ከኛም መካከል 3 የሰጠው የከተማ ልጅ፣ «ሰው ሲያርስ እስከዚህ ድረስ ማየት ምን ይጠቅመኛል?» አለ። 10 ከሰጡት አንዱ የገበሬ ልጅ ነውና፣ «አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሲያርስ ኖረ፤ አንተ ዐሥር ደቂቃ ማየት አቃተህ?» ሲል መለሰለት። የከተማው ልጅ ግን በዚህ አልተረታም። «የአባትህን ድካም አከብራለሁ፤ ድካሙ ግን ፊልም አይደለም። ፊልም መምረጥ ነው፤ ሁሉን ካሳየህ ምንም አልመረጥህም» አለ። የገበሬው ልጅ ደግሞ፣ «መርጠዋል እንጂ! የመረጡት ርዝመቱን ነው። አጭር ቢሆን ኖሮ ታዝንልን ነበር፤ ረዥም ሲሆን ግን ከኛ ጋራ ትደክማለህ» አለ። ይህ ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም፤ ማለቅም ያለበት አይመስለንም።

አሁን እርሳስ ያላችሁ ደምሩልን። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» 10፣ 10፣ 9፣ 4፣ 3 አገኘ፤ ድምሩ 36 ነው፤ ለአምስት ሲካፈል 7.2 ይሆናል። «ላምብ» 7፣ 7፣ 7፣ 7፣ 8 አገኘ፤ ድምሩ 36 ነው፤ ለአምስት ሲካፈል 7.2 ይሆናል። በአማካዩ ዐይን ሁለቱ ፊልሞች መንትዮች ናቸው። አንዱ ግን ሁላችንንም በሰላም አስተኝቶናል፤ ሁለተኛው እርስ በርሳችን አጣልቶናል። አንድ ሰው ቁጥሩን ብቻ ይዞ ቢመጣ ይህን ልዩነት ከየት ያገኘዋል? ከዚህም በላይ፣ በመጀመሪያው ሰዓት የወጡት ሁሉ ነጥብ ቢሰጡ ኖሮ ይህ ፊልም ከስድስት በታች በወደቀ፣ ወገኖቹም ከዚህ አዳራሽ ለዘላለም በተባረሩ ነበር።

ይህ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። በኒው ዮርክ አንድ ጋዜጣ ለፊልም ኮከብ መስጠት የጀመረው በ1928 ነው፤ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ዓለም ሁሉ ኮከብ ቈጣሪ ሆኗል። ዛሬ ብዙዎቻችን ፊልም ከማየታችን በፊት በስልካችን የምንመለከተው «ሮተን ቶሜቶስ» የሚባለውን መቶኛ ነው። 95 በመቶ ሲባል ፊልሙ ከመቶ 95 ማርክ ያገኘ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። መቶኛው የሚነግረን ከሐያስያኑ መካከል ስንት እጅ ያህሉ «ይታያል» እንዳሉ ነው። ሁሉም «ደኅና ነው፣ አያስከፋም» ብለው ቢፈርዱ ፊልሙ 100 ያገኛል። አንዱን ወገን ያስለቀሰ፣ ሌላውን ያስቈጣ ፊልም ግን 60 ሊያገኝ ይችላል። ቁጥሩ አልዋሸም፤ እኛ ያልጠየቅነውን ጥያቄ መለሰልን እንጂ።

ባለሙያዎቹስ ቢሆኑ በአንድ ነጥብ ይጸናሉን? የእንግሊዝ መጽሔት «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» ከ1952 ጀምሮ በየዐሥር ዓመቱ ሐያስያንን እየጠየቀ የምርጥ ፊልሞችን ተራ ያወጣል። በ1952 አንደኛ የወጣው ቀደም ብለን የተናገርንለት «የቢስክሌት ሌቦች» ነበር። ከ1962 እስከ 2002 ድረስ ለአምስት ጊዜ የኦርሰን ዌልስ «ሲቲዝን ኬን» አንደኝነቱን ያዘ። በ2012 የሂችኮክ «ቨርቲጎ» ተካው፤ ይህ ፊልም በ1958 ሲወጣ ብዙ ሐያስያን እንደ ነገሩ አይተው ያለፉት ነው። በ2022 ደግሞ ሻንታል አከርማን የምትባል ቤልጂጋዊት በ1975 ያዘጋጀችው «ዣን ዲልማን» አንደኛ ወጣ። ይህ ፊልም ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ በአብዛኛው የሚያሳየውም አንዲት ሴት በቤቷ ውስጥ ድንች ስትልጥ፣ ዕቃ ስታጥብ፣ አልጋ ስታነጥፍ ነው። ፊልሞቹ ከተሠሩ ወዲህ አንዲት ሥዕል አልተጨመረባቸውም፤ የተለወጡት ተመልካቾቹና ጥያቄያቸው ናቸው። እንግዲህ በ1975 ከስድስት በታች ያገኘ ዓይነት ዳግመኛ አይታይ የሚል ደንብ ኖሮ ቢሆን፣ የ2022 ሰዎች ምን ይመርጡ ነበር? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለፊልምም ሳይሠራ አይቀርም።

ይህን ሁሉ ስንል ነጥብ ይቅር ማለታችን ነውን? አይደለም። ለነጥብ የሚሟገት አንድ ብርቱ ምክንያት አለ፤ እርሱንም ራሱ የሐሳቡ አቅራቢ ነግሮናል። «ምክንያት ተናገሩ ስትሉ የምትሰሙት አንደበተ ርቱዕ የሆነውን ነው። ከኋላ የሚቀመጠው ዓይን አፋር ተማሪ፣ አማርኛው ወይም እንግሊዝኛው የማይቀናው፣ ቢያንስ ቁጥር መጻፍ ይችላል። ቁጥሩን ብትነጥቁት አፉን ነጠቃችሁት» አለን። ይህ እውነት ነው፤ መልስም ያስፈልገዋል።

መልሳችንን ከጓዳ እንፈልገው። እናቶቻችን ወጥ ሲቀምሱ «ከዐሥር ስድስት» አይሉም። «ጨው አነሰው»፣ «ሽንኩርቱ አልበሰለም»፣ «በርበሬው ከረረ» ይላሉ። አጭር ነው፤ አንደበተ ርቱዕነት አይጠይቅም፤ ነገር ግን ለሠሪዋም ለበላተኛውም ይጠቅማል። «ስድስት» የተባለች ሠሪ ነገ ምን ታሻሽላለች? «ጨው አነሰው» የተባለችው ግን ታውቃለች። ጨው የማይወድ እንግዳም ቢሆን ከዚያ ቃል «እንግዲያስ ለኔ ይስማማኛል» ብሎ ይረዳል። ስለ ፊልም የምንፈልገው ቃል ይህን የመሰለ ነው። «ረዘመብኝ»፣ «ጽሑፉ አመለጠኝ»፣ «ልጁን አመንኩት፣ አጎቱን ግን አላመንኩትም»። ይህን ለመጻፍ ማንም ዓይን አፋር አይቸገርም።

ስለዚህ ለሚመጣው ሳምንት ስብሰባ፣ በቀረበው ሐሳብ ፋንታ አራት ነገሮችን እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ነጥብ ይሰጥ፤ ነገር ግን ስም በማይጻፍበት ቊራጭ ወረቀት ላይ ከነጥቡ ሥር «ምክንያቱም» የሚል ቃል ይታተም፤ ተመልካቹም በፈለገው ቋንቋ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፍበት። በዚያው ወረቀት ላይ ከየት እንደ ተቀመጠና ፊልሙን እስከ መጨረሻው አይቶት እንደ ሆነ ያመልክት። እንዲህ ሲሆን የወንበሩን ጥፋት ከፊልሙ ጥፋት እንለያለን፤ ስሙም ስለማይጻፍ ማንም እንደ ራሾሞን ሽፍታ ስለ ክብሩ ብሎ አይዋሽም።

ሁለተኛ፤ አማካዩ ብቻ አይለጠፍ። ስንት ሰው 10፣ ስንት ሰው 3 እንደ ሰጠ ተዘርዝሮ ይለጠፍ፤ ከወረቀቶቹም ጥቂት ዐረፍተ ነገሮች፣ ከሚወዱትም ከማይወዱትም ወገን፣ በዚህ ጋዜጣ ላይ ይታተሙ።

ሦስተኛ፤ በእያንዳንዱ መንፈቀ ዓመት ቢያንስ ሁለት ምሽት፣ ነጥባችን እጅግ ለተራራቀበት ዓይነት ፊልም ይጠበቅ። ሁላችንም 7 የሰጠነውን ፊልም እያንዳንዳችን በስልካችን ልናየው እንችላለን። የሚያከራክረን ፊልም ግን አዳራሽ ይፈልጋል፤ ብቻውን የሚያየው ሰው ከማን ጋራ ይሟገታል? ገንዘባችንን ማዋል ያለብን ብቻችንን ልናገኘው በማንችለው ነገር ላይ ይመስለናል።

አራተኛ፤ የኛም ድርሻ አለ። ከሁለት ሰዓት በላይ የሚወስድ ፊልም ሲኖር ቀደም ብለን እንጀምራለን። የውጭ ቋንቋ ፊልም ሲሆን ደግሞ የባለታሪኮቹን ስም፣ አገሩንና ዘመኑን የሚገልጽ አንድ ገጽ በአማርኛ አባዝተን በበሩ ላይ እናድላለን፤ መጨረሻውን ግን አንናገርም!

ቡና ሲፈላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እንላለን። በአቦል የተሰጠ ፍርድ በበረካ ሲለወጥ ስንት ጊዜ አይተናል። አሁን የቀረበው ደንብ ሰውን ከአቦል በፊት፣ ገና ከበሩ ላይ ሳለ፣ ፍረድ የሚለው ነው። እኛ የምንለው ነጥቡ ይሰጥ፤ ወሬው ግን ይቀጥል፤ ነጥቡም የወሬው መነሻ እንጂ መደምደሚያ አይሁን ነው።

ክቡራን መምህራን፤ ማርክ መስጠት የናንተ ሥራ ነውና የምንለውን ከማንም ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። የፈተና ወረቀታችን ቀይ ቁጥር ብቻ ተጽፎበት ሲመለስልን የምንማረው ምንድን ነው? ከዳር «ይህ ከየት መጣ?» የሚል አንድ መስመር ሲጻፍበት ግን ሌሊቱን ስናስበው እናድራለን። ለኛ የምንለምናችሁን ያን መስመር፣ እኛም ለፊልም ሠሪዎቹና እርስ በርሳችን እንስጥ።

ጓደኞቻችን፤ በሚመጣው ሳምንት ድምፅ ስትሰጡ የምንጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ሐሳባችንን ብትደግፉም ብትቃወሙም፣ እጃችሁን ከማንሣታችሁ በፊት አጠገባችሁ ለተቀመጠው ሰው ምክንያታችሁን ንገሩት። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ውጤት፣ በኛ ላይ ቢሆንም እንኳ፣ ደስ ብሎን እንቀበላለን።